የወጌሻው ቅልጥም

ሠላሳ ስምንት ዓመት አጥንት ሳቀና ኖሬ፣
ከማክሰኝት እስከ ቆላው ስሜን አስከብሬ፣
ነጭ ሽንኩርት ልሸጥ ጎንደር የወጣሁ ቅዳሜ
አንዲት ባጃጅ መጥታ ገጨችኝ ከነሸክሜ።

ገበያው ቁልቁለት ላይ
ቀኝ ቅልጥሜ ቀጭ ሲል ድምፁን ሰማሁት፤
አዲስ አልሆነብኝም፣
በሰው እግር ላይ ነው ስሰማው የኖርሁት።

እዚያው ተኝቼ ዳሰስሁት። ከመሐል፣ ሰያፍ ነው፤
ቆዳው አልተቀደደም፤ ደጉ ስብራት ይኸው ነው።
"ሽንበቆ አምጡ፣ ቅቤ አምጡ፣ ሰባት ሳምንት ስጡኝ!"
ልጄ ስመኝ ግን በእንባዋ ቀደመችኝ፤
"አባዬ፣ ሆስፒታል!" ብላ ባጃጅ ላይ ጫነችኝ።
የገጨኝ ባጃጅ ነው፣ እሱው ያደረሰኝ።

ካርድ ክፍል ስሜን ጠየቁኝ፤ ሥራዬንም።
"ይርሳው። ገበሬ" አልሁ። ወጌሻ ነኝ አላልሁም።
ደሴ ትዝ ብሎኝ ነው።

በጀርባዬ መርፌ፤ ከመርፌው ሙቀት፤
ከዚያ ከወገቤ በታች የሌላ ሰው ርስት።
"ሚስማር ነው፣ አባባ" አለችኝ ጎንበስ ብላ፣
"ከጉልበትዎ ሥር ገብቶ፣ መቅኔውን ተከትሎ፣
እስከ ቁርጭምጭሚትዎ።"
ዶክተር ይታይሽ ናት፤ የስመኝ እኩያ።
እኔ በሽንበቆ ከውጭ ሳጥር ስኖር፣
እሷ ከመሐሉ ምሰሶ ልታኖር!

ከአረንጓዴው መጋረጃ ማዶ መዶሻው ጀመረ።
ቷ። ቷ።
አልጋው በየምቱ ወደ ራሴ ይገፋኛል፤
ሕመም የለም፣ ድምፅ ብቻ፣
ጎረቤት ቤት ሲያቆም በር ላይ ሆኖ እንደ መስማት።
ሚስማሩ በጠለቀ ቁጥር ቃናው እየቀጠነ ሄደ፤
"ደረሰ" አልሁ በልቤ።
"ደረሰ" አለች እሷም።

ጥግ የቆመው የራጅ ማሽን ከሰኞ ጀምሮ ታሟል፤
የታችኛው ብሎን መግቢያ አጥንት ውስጥ ተሸሽጓል።
በቀጭን ዘንግ ትፈልገዋለች፣ ዓይን በማይደርስበት።
ከጭምብሏ በላይ
ዓይኗ ሲከደን አየሁ።
እጇ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይመለሳል፤
ትንፋሼን ያዝሁ፤ ያን ዳሰሳ አውቀዋለሁ!
አጥንት ለጠየቀው የሚሰጣት እሺታ፣
ከጣት ወደ ክርን የምትወጣ ሰላምታ።
"ገባ።"
ስሟ ይታይሽ ነው፤ ታያት፣ በእጇ።

ማታ መጥታ እግሬን አልጠየቀችም፤ ጣቶቼን ነው።
"ያንቀሳቅሷቸው። ይሰማዎታል? ይህኛውስ?"
ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነርስ በየሰዓቱ እየመጣ
አውራ ጣቴን ጥፍሩ ላይ ተጭኖ ይለቃል፤
ቀለሙ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት
ጣት ጠይቄ አላውቅም።

ደሴ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አጥንቱን አቅንቼ፣ አጥብቄ አሰርሁት፤
"ጣቴ ደነዘዘ" ሲለኝ፣ "ወንድ ልጅ ነህ፣ ቻል" አልሁት።
በአምስተኛው ቀን ጠቆረ።
እዚሁ ነው ያመጡት፤ ከጉልበቱ በታች እዚሁ ቀረ።
አሁን ጎልማሳ ነው። በገበያ ሲያገኘኝ
"ጋሼ" ብሎ፣ በምርኩዙ ላይ ጎንበስ ብሎ፣
እጅ ይነሳኛል።

በነጋታው በክራንች አቆሙኝ። እግሬ ረገጠ።
ብረቱ አይቆረቁርም፤ ሌላ ነገር ግን አለ፣
እሱ ነው የከበደኝ።
መውጫ ወረቀቴን ስትሞላ ጮክ ብላ አነበበች፦
"ሥራ፣ ገበሬ።"
"ወጌሻ ነኝ" አልኋት።
እስክሪብቶዋ ቆመ።
እቆጣለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
"እንግዲያው ከማሰርዎ በፊትም፣ ካሰሩም በኋላ
ጣት እንዴት እንደሚታይ ላሳይዎት?"

እጄን ሰጠኋት።
ጥፍሬን ተጭና ለቀቀችው፤ ነጥቶ የነበረው ቀላ።
"ይኸው ነበር?" አልኋት።